ጣቴ መዳፌን አይነካም፤ ስንት በመቶ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በአሜሪካ ጦር አገልግለው ኑሯቸውን ባሕር ዳርና ጣና ዳር ያደረጉ አንባቢዎች የላኩልን ጥያቄዎች አንድ ዓይነት ሆኑብን። የተሰበረ ወይም የተቃጠለ ጣት፣ ከአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ፣ ደብዳቤው ላይ ደግሞ ባለቤቱ ያልጠበቀው ቁጥር። ስለዚህ የዚህን ዕትም ዓምድ ለጣት ሰጥተነዋል። መሥሪያ ቤቱን ሁሉም እንደሚጠራው ቪኤ እንለዋለን። ስለ አሜሪካው ጉዳይ የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ስምንት ዓመት አገልግያለሁ። በሥልጠና ላይ የቀኝ እጄን አመልካች ጣት የከባድ መኪና በር ቀጥቅጦት ተሰብሮ ነበር። አጥንቱ ገጥሟል፤ ጣቱ ግን እስከ መጨረሻው አይታጠፍም፤ እንጀራ ስቆርስ እንኳ ይታወቀኛል። ቪኤ ጉዳቱ ከአገልግሎቴ ጋር የተያያዘ መሆኑን አምኖ 0 በመቶ ጻፈልኝ። ካመኑ ዘንድ ዜሮው ከየት መጣ? ከሽምብጥ

መልስ፦ ደብዳቤው ውስጥ ያሉት ውሳኔዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው «ይህ ጉዳት ከአገልግሎት የመጣ ነው ወይ?» የሚለው ነው። እሱን አሸንፈዋል፤ ከሁለቱ የሚከብደውም እሱ ነው። ሁለተኛው «ጉዳቱ ዛሬ ስንት በመቶ ነው?» የሚለው ነው። ወርኃዊው ካሣ የሚከፈለው በዚህ ቁጥር ሲሆን፣ ለጣት ቁጥሩ የሚወሰነው በማስመሪያና በማዕዘን መለኪያ ነው።

እኛ ሌባ ጣት የምንለው አመልካች ጣትና የመሐል ጣት የሚለኩት በአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ክፍል 38፣ ቁጥር 4.71ኤ ውስጥ ባለው 5229 በተባለው መደብ ነው። መደቡ ሁለት ደረጃ ብቻ አለው፤ 10 እና 0። ጣቱን የቻሉትን ያህል አጥፈውት በጣቱ ጫፍና በመዳፍዎ መስመር መካከል የሚቀረው ክፍተት 2.5 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 10 በመቶ ያገኛል። ጣቱ ሲዘረጋ ቀጥ ለማለት ከ30 ዲግሪ በላይ ከጎደለውም እንዲሁ 10 ነው። ከሁለቱ አንዱ ከተሟላ ይበቃል። ሁለቱም ካልተሟሉ 0። ሐኪሙ «መካከለኛ ጉዳት» ብሎ ቢጽፍልዎ ቃሉ ወደ ቁጥር አይለወጥም።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ያለው አለካኩ ላይ ነው። ለማየት ያህል ቤት ውስጥ ይሞክሩት። ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉ፤ መዳፍዎ ወደ ላይ ይሁን። መዳፍዎ ላይ ከጣቶችዎ ሥር ሁለት አግዳሚ መስመሮች ያያሉ። ደንቡ የሚፈልገው ወደ እጅ አንጓ የቀረበውን፣ ከአመልካች ጣት በኩል ተነሥቶ መዳፍን የሚያቋርጠውን ነው። ጣትዎን በራሱ ጉልበት ያጥፉ፤ በሌላው እጅ አይርዱት። ከዚያ ሌላ ሰው በተማሪ ማስመሪያ ከጣቱ ሥጋ ጫፍ እስከ መስመሩ ይለካ። ከጥፍር ጫፍ መለካት ስሕተት ነው፤ ያደገ ጥፍር ጥቂት ሚሊ ሜትር ይሰርቃል፣ እዚህ ላይ ደግሞ 2.4 እና 2.5 የተለያዩ ዓለማት ናቸው።

ውጤቱን የሚያዛቡት ነገሮች የሚታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው የእጅ አንጓ ነው። ጣቶችዎን አላልተው አንጓዎን ወደ ኋላ ቢቀለብሱት ጣቶቹ በራሳቸው ይታጠፋሉ፤ ወደ ፊት ቢያጎነብሱት ይከፈታሉ። ጣትን የሚስቡት ጅማቶች አንጓውን አቋርጠው ስለሚያልፉ ነው። ጉዳቱን ለቪኤ የሚለካው መርማሪ አንጓዎ ወደ ኋላ እንደተቀለበሰ ከለካ ክፍተቱ ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛው የመስመሩ ጉዳይ ነው። ብዙ የእጅ ሐኪሞችና ፊዚዮቴራፒስቶች በልማድ የሚለኩት ወደ ጣቶቹ እስከ ቀረበው መስመር ነው። ለሕክምና ትክክል ነው፤ የቪኤ ደንብ የሚጠይቀው ግን ሌላውን ነው። ስለዚህ ከባሕር ዳር ሐኪም ወረቀት የሚያመጡ ከሆነ እስከ የትኛው መስመር እንደተለካ በግልጽ ይጻፍ። ሦስተኛው፣ መርማሪው ጣቱን በእጁ ገፋ አድርጎ ያጠፈበትን ልክ እርስዎ ራስዎ ካጠፉበት ጋር መቀላቀል ነው። ሁለቱም መለካት አለባቸው፤ ግን ለየብቻ። ልዩነታቸው ራሱ ይናገራል። በሰው እጅ ሲገፋ የሚታጠፍ፣ በራሱ ግን እምቢ የሚል ጣት ችግሩ ብዙ ጊዜ ጅማቱ ላይ ነው፤ በሁለቱም መንገድ እምቢ ካለ መገጣጠሚያው ራሱ ደርቋል።

የመገጣጠሚያ ዲግሪዎችም ይመዘገባሉ። በቪኤ ደንብ የጤነኛ ጣት ልክ ከጣቱ ሥር ያለው መገጣጠሚያ ከ0 እስከ 90፣ የመሐሉ ከ0 እስከ 100፣ የጫፉ ከ0 እስከ 70 ወይም 80 ነው። መርማሪው ጣቱን ሦስት ጊዜ ካሳጠፈዎት በኋላ እንደገና ይለካል፤ አንዳንድ ጣት በመጀመሪያው ይታዘዝና በሦስተኛው ይሰንፋል።

የብዙ ሰው ዓይን የማያርፍበት ግን ቁጥር 4.59 ነው። ጉዳት ያለበት መገጣጠሚያ ሲንቀሳቀስ የሚያም ከሆነ፣ የእንቅስቃሴው ጉድለት ልኩን ባይሞላ እንኳ በመደቡ ያለው ዝቅተኛ የሚከፈልበት ደረጃ ይገባዋል። ለአመልካች ጣት ያ ደረጃ 10 ነው። ስለዚህ ክፍተትዎ 1.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆንና ጣቱን ሲያጥፉ የሚያምዎ ከሆነ፣ ሕመሙም በምርመራው ወረቀት ላይ ከተመዘገበ፣ ዜሮው ሊቆም አይገባውም። የምርመራ ወረቀቱን ቅጂ በቅጽ 20-10206 ይጠይቁና ሁለት ነገር ይፈልጉ፤ ክፍተቱ በሴንቲ ሜትር ተጽፏል ወይ? «ሲንቀሳቀስ ያማል» የሚለው ቦታ ምን ይላል? ብዙ ወታደር «ያምሃል?» ሲባል «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። እዚያ ክፍል ውስጥ ይህ መልስ ትሕትና ሆኖ አይቆጠርም፤ «ሕመም የለም» ተብሎ ይመዘገባል። ሕመሙ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ሲደርሱ «እዚህ ላይ» ብለው ይናገሩ። በየጊዜው የሚነሣ ሕመም ካለም ምን እንደሚያስነሣው፣ ስንት ቀን እንደሚቆይና ያን ጊዜ ጣቱ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ይንገሯቸው፤ መርማሪው በምርመራው ዕለት ባያየውም በቃልዎ ተመርቶ መገመት አለበት።

ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ 1 ዓመት አለዎት። ሕመሙ ወረቀቱ ላይ ኖሮ ወሳኙ አልፎት ከሆነ ቅጽ 20-0996 ሞልተው በከፍተኛ ገምጋሚ እንዲታይ ያድርጉ፤ በዚህ መንገድ አዲስ ማስረጃ አይቀበሉም። ክፍተቱ በስሕተት ተለክቶ ከሆነና አዲስ የሐኪም ልኬት ካለዎት መንገድዎ ቅጽ 20-0995 ነው። በቅጽ 10182 ወደ ይግባኝ ቦርድ መሄድም ይቻላል፤ ለአንድ ጣት ግን ከዚያ አይጀምሩ፤ ረጅሙ መንገድ እሱ ነው። ዓመቱ ካለፈ ማመልከት አይከለከልም፤ የሚያጡት ያለፈውን ጊዜ ክፍያ ነው። ከዲሴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሰንጠረዥ 10 በመቶ በወር 175.51 ዶላር፣ 20 በመቶ 346.95 ዶላር ነበር።

ጥያቄ፦ በጦሩ ወጥ ቤት ሳገለግል የፈላ ዘይት ግራ እጄን አቃጥሎኛል። ግራኝ ነኝ። አውራ ጣቴ ወደ ሌሎቹ ጣቶች አይደርስም፤ አመልካችና የመሐል ጣቴም በደንብ አይታጠፉም። ጠባሳውም ይቆጠቁጠኛል። የሚሠሩበት እጅ በመሆኑ ይጨምራል ወይ? ሁሉም አንድ ላይ ይታያል ወይስ ለየብቻ? ከቀበሌ 14

መልስ፦ እኅታችን፣ ግራኝነትዎ እዚህ ላይ ለውጥ አያመጣም። የአውራ ጣትም ሆነ የሌሎቹ ጣቶች የእንቅስቃሴ ጉድለት ለሚሠሩበትም ለማይሠሩበትም እጅ እኩል መቶኛ ነው ያለው። ልዩነቱ የሚመጣው ለምሳሌ በከባድ የነርቭ ጉዳት ወይም አውራ ጣትና ሌላ ጣት አብረው ሲደርቁ ነው።

አውራ ጣት በ5228 ይለካል። ወደ ሌሎቹ ጣቶች ሊያደርሱት ሲሞክሩ በአውራ ጣቱ ሆድና በጣቶቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት ከ5.1 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ 20 በመቶ፣ ከ2.5 እስከ 5.1 ከሆነ 10፣ ከዚያ ካነሰ 0 ነው። ሲኒ ጨብጦ ለመያዝ የሚያስፈልገው ይህ እንቅስቃሴ ነውና ለመርማሪው ሲያስረዱ ከሲኒው ይጀምሩ።

ደንቡ እያንዳንዱን ጣት ለየብቻ መዝኖ ያጣምራል። ማጣመር ግን መደመር አይደለም፤ ደብዳቤው ለብዙ ሰው እንቆቅልሽ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። አውራ ጣትዎ 20፣ አመልካቹ 10፣ የመሐሉ 10 አገኙ እንበል። ቪኤ ከ100 ጤነኛ ሰው ይነሣል። 20 ሲወጣ 80 ይቀራል። የ80 አሥር በመቶ 8 ነው፤ 28 ሆነ። የቀረው 72 ነው፤ አሥር በመቶው 7.2፤ 35 ሆነ። መጨረሻ ላይ ወደ ቅርቡ አሥር ይጠጋጋል፤ በ5 የሚያልቀው ወደ ላይ ስለሚሄድ 40 በመቶ ይሆናል። 34 ቢሆን ኖሮ 30 ላይ ይቀር ነበር።

የሚያም ጠባሳ በ7804 ራሱን ችሎ ይመዘናል፤ አንድ ወይም ሁለት የሚያም ጠባሳ 10 በመቶ ነው። በእርስዎ ሒሳብ ግን 35 ላይ 10 ሲጣመር 42 ይሆንና ተመልሶ 40 ላይ ይጠጋጋል። ቢሆንም ይጠይቁት፤ ነገ ሌላ ጉዳት ሲጨመር ያቺ 42 ትቆጠራለች። ከ30 በመቶ ጀምሮ ደግሞ በሥርዎ ላሉ የትዳር ጓደኛ፣ ልጆችና ወላጆች ተጨማሪ ክፍያ አለ። እናትዎን የሚጦሩ ከሆነ ይህን አይርሱ።

ጥያቄ፦ የቀለበት ጣቴና ትንሿ ጣቴ ደርቀው ቀርተዋል። የጀልባ ገመድ ስስብ እጄ ያመልጠኛል። ቪኤ ሁለቴ 0 ሰጠኝ። ጓደኛዬ ለአንድ ጣት 10 ሲያገኝ እኔ ለሁለት ጣት ዜሮ! ከዘጌ

መልስ፦ ቅሬታዎ ይገባናል፤ ደንቡ ለእነዚህ ሁለት ጣቶች ንፉግ ነው። በ5230 መሠረት የቀለበት ጣትና የትንሿ ጣት የእንቅስቃሴ ጉድለት፣ ምንም ያህል ይሁን፣ 0 በመቶ ነው። በ4.59 በኩል መግባትም አይቻልም፤ በመደቡ የሚከፈልበት ዝቅተኛ ደረጃ ስለሌለ ሕመም የሚያነሣው ነገር የለም። የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2016 ይህንኑ አጽንቷል። ስለዚህ በ5230 ላይ ሦስተኛ ጊዜ አይከራከሩ፤ በር ይቀይሩ።

ከበሮቹ ለእርስዎ የሚቀርበው «ደርቀው ቀርተዋል» ያሉት ቃል ነው። ጣትዎ ጥቂትም ቢሆን ይንቀሳቀሳል ወይስ መገጣጠሚያው ፈጽሞ ተጣብቋል? ሐኪሞች አንኪሎሲስ የሚሉት ሁለተኛውን ነው። የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት አብረው ከተጣበቁ፣ በጥሩ አቋም ላይ ቢሆኑ እንኳ፣ 5223 ለሁለቱ 10 በመቶ ይሰጣል። አንዱ ብቻ ቢሆንም መንገድ አለ። የጣቱ ሥርና የመሐሉ መገጣጠሚያ ሁለቱም ተጣብቀው፣ ከሁለቱ አንዱ ፍጹም ቀጥ ብሎ ወይም ፍጹም ታጥፎ ከቀረ፣ ወይም አጥንቱ ተጠማዞ ከገጠመ፣ ጣቱ እንደተቆረጠ ይቆጠራል። ለእነዚህ ጣቶች ያ 10 በመቶ ነው። መርማሪው «በጣም የተወሰነ እንቅስቃሴ» ብሎ ከጻፈ ግን ተመልሰው 5230 ውስጥ ይወድቃሉ። ስለዚህ ዲግሪው ይጻፍ፤ ከስንት እስከ ስንት እንደሚንቀሳቀስ፣ ወይም በስንት ዲግሪ ላይ እንደተጣበቀ።

ሌላው ነርቭ ነው። በትንሿ ጣትና በቀለበት ጣት ግማሽ ላይ የመደንዘዝ ወይም የመውረር ስሜት ካለ አልናር የተባለው ነርቭ ሊሆን ይችላል። ቀላል ጉዳቱ በ8516 ሥር 10 በመቶ ነው። ገመዱ የሚያመልጥዎ ጣቱ ስላልታጠፈ ነው ወይስ መያዝዎ ስላልተሰማዎት? ልዩነቱን ለሐኪምዎ ይንገሩት። በዚያው ደንብ ቁጥር 3.324 ደግሞ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቋሚ የ0 በመቶ ጉዳቶች አንድ ላይ ሆነው ሥራን በግልጽ የሚያውኩ ከሆነ 10 በመቶ ሊሰጥ ይችላል። ይህ የሚሠራው ሌላ የሚከፈልበት ደረጃ ለሌለው ሰው ብቻ ነው።

ዜሮውንም ቢሆን አይጣሉት። ጉዳቱ ከአገልግሎት ጋር የተያያዘ ከተባለ በውጭ አገር ሕክምና ፕሮግራም በኩል ለዚያ ጣት እዚህ ያወጡትን የሕክምና ወጪ ማስመለስ ይችላሉ። የመመዝገቢያው ቅጽ 10-7959ኤፍ-1፣ የወጪ ማቅረቢያው 10-7959ኤፍ-2 ነው፤ ከታከሙበት ቀን በ2 ዓመት ውስጥ ይላካል። ደረሰኝ ብቻውን አይበቃም፤ ምርመራው ምን እንደሆነና ምን እንደተደረገ የሚገልጽ የሐኪም ጽሑፍ አብሮ ይሂድ።

ጥያቄ፦ አያቴ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው ጣታቸው ቆስሏል፤ አባቴም በኢትዮጵያ ሠራዊት ውስጥ ጣቱን ተጎድቷል። ይህ የቪኤ መቶኛ ለእነሱ ይሠራል? ከፋሲሎ

መልስ፦ አይሠራም። የቃኘው ሻለቆች ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተሰልፈው ቢዋጉም ወታደሮቹ የክቡር ዘበኛ አባላት ነበሩ፤ የቪኤ የጉዳት ካሣ በአሜሪካ ጦር ላገለገለ ነው። የአባትዎ ጉዳይ በእኛው ሕግ ይታያል። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 የመከላከያና የፖሊስ አባላትንም ይሸፍናል፤ የጉዳቱን መጠን የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ነው። ከላይ የጻፍነውን የሴንቲ ሜትር ሒሳብ ይዘው ቦርድ ፊት አይቅረቡ፤ ለዚያ አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ የታከምኩበት የሆስፒታል ካርድ አለኝ። እንዲሁ ስካን አድርጌ ብልከው ይበቃል? ከግሽ ዓባይ

መልስ፦ ይላኩት፤ ግን ከመላክዎ በፊት ቀኖቹን ይመልከቱ። ካርዱ ላይ «12/3/2016» የሚል ተጽፏል እንበል። ለእኛ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያኑ ኖቬምበር 22 ቀን 2023። ፒትስበርግ ሆኖ የሚያነበው ሰው ግን ዲሴምበር 3 ቀን 2016 ብሎ ነው የሚያነበው። ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። እስከ 2018 አገልግለው ከሆነ ደግሞ በአሜሪካ ጦር ውስጥ እያሉ ባሕር ዳር ሲታከሙ ነበር የሚል ወረቀት በገዛ እጅዎ ላኩ ማለት ነው። ፒትስበርግ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከኢትዮጵያ የሚላከውን የካሣ ማመልከቻ የሚመለከተው የዚያ ከተማ ቢሮ ነው።

ስለዚህ ካርዱን ወደ እንግሊዝኛ ሲያስተረጉሙ ትርጉሙ ላይ እያንዳንዱ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፤ የወሩ ስም በፊደል ይሁን እንጂ በቁጥር አይሁን። ዋናውም አብሮ ይላክ። ስምዎ በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጻፈው ዲዲ 214 በተባለው የስንብት ወረቀትዎ ላይ እንዳለው አንድም ፊደል ሳይቀየር ነው፤ ተርጓሚ በራሱ ጆሮ የጻፈው ስም የሌላ ሰው ፋይል ይመስላል። ጉዳቱ ከአገልግሎት መምጣቱን ሐኪም የሚጽፍልዎ ከሆነ «ሊሆን ይችላል» አይበቃም። የሚፈለገው «ከአገልግሎቱ የመምጣቱ ዕድል ካለመምጣቱ ጋር ቢያንስ እኩል ነው» የሚል አስተያየት፣ ከነምክንያቱ ነው። ወረቀት እስኪሰበስቡ ጊዜ ከፈለጉ በቅጽ 21-0966 የማመልከት ሐሳብዎን ቀድመው ያስመዝግቡ፤ ዋናውን ማመልከቻ በ21-526ኢዜድ በ1 ዓመት ውስጥ ካስገቡ የክፍያው መነሻ ያ ቀን ሊሆን ይችላል።

የምርመራ ቀጠሮ ሲመጣ ሰዓቱን በእንግሊዝኛ አቆጣጠር ያንብቡ። 9 ከጠዋቱ የሚለው የእኛ 3 ሰዓት ነው፤ 3 ከሰዓት በኋላ የሚለው የእኛ 9 ሰዓት። አንዱን በሌላው ተክተው ያለ በቂ ምክንያት ምርመራው ካመለጠዎት፣ ማመልከቻው የመጀመሪያዎ ከሆነ ባለው ወረቀት ብቻ ይወሰናል፤ መቶኛ እንዲጨመርልዎ የጠየቁበት ከሆነ ደግሞ ውድቅ ይደረጋል።